ለሙሽራው በርኖስ

ቢቸና ውስጥ የበግ ጠጉር የሚነድፍ ሰው አይጠፋም፤ ጠጉር የምታውቅ ግን ይርጋነሽ ብቻ ናት ይላሉ። ይህን የሚሉት ደግሞ ወዳጆቿ አይደሉም። ወዳጅ እንኳ ብዙ የላትም፤ ምላሷ አይመችም። ደንበኛ ያመጣውን ከረጢት ፈትታ እጇን ትከትና አንድ ጭብጥ አውጥታ ታያለች፤ ከዚያ «ይሄ ከበግ የተሸለተ ነው ወይስ ጅብ የጎተተው?» ብላ በባለቤቱ ፊት ትስቃለች። ሰውየው ይናደዳል። ተናዶም ከረጢቱን ትቶላት ይሄዳል፤ የትም ቢወስደው እንደ እሷ አድርጎ የሚመልስለት እንደሌለ ያውቃልና።

ደጋን ይዞ ድው ድው ማድረግ ለማንም አያቅትም። ሙያው ያለው ከደጋኑ በፊት ነው። የሆዱንና የእግሩን ሸካራ ጠጉር ከጀርባው ለስላሳ መለየት አለ። የተጣበቀውን ጭጎጎት አንድ ባንድ መልቀም አለ። በእንዶድ ውሃ ማጠብ አለ፤ እሱም ሳያሹ ነው። የበግ ጠጉር እንደ ልብስ ካሹት እርስ በርሱ ተያይዞ ድሪቶ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ደጋን ቀርቶ መላእክት ቢወርዱ አይፈቱትም። ከታጠበ በኋላ ጥላ ላይ ደርቆ፣ በአርጩሜ ተመትቶ፣ አቧራው ይራገፋል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው የደጋኑ ጅማት ጠጉሩ ውስጥ ገብቶ እየነጠረ የሚያፍታታው። ይርጋነሽ ስትነድፍ የተቋጠረው ጠጉር ይለቅና ወደ ላይ ይነሣል፤ እሱን ሰብስባ ጠቅልላ ባዘቶ ታደርገዋለች፤ ባዘቶው ለጎረቤቷ ለአገሬ ይሰጣል፤ አገሬ በእንዝርት ትፈትለዋለች።

ሙያውን ያወረሷት አባቷ ናቸው፤ ሸማኔ ነበሩ። በዚያ አገር ሸማኔ የሠራውን ሁሉም ይለብሳል፤ ሸማኔን ግን ለልጁ የሚመኝ የለም። በርኖሱን ደርቦ ብርዱን ካሳለፈ በኋላ በርኖሱን የሠራለትን ሰው ቁጢት በጣሽ ብሎ የሚሰድብ ጨዋ ሞልቷል። ጨዋነት እንዲህ ከሆነ ባለጌ መሆን ሳይሻል አይቀርም።

የግንደወይኑ ገበሬ መንግስቴ ግን ዘመዶቹ እየተንጫጩ አገባት። ወደዳት፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ምናለ አሉት። መንግስቴ ታሞ ሲሞት ልጁ ገና ፊደል አልጨረሰም ነበር። የመንግስቴ ወንድም አቶ ይስማው ከለቅሶው በኋላ መጥቶ፣ «ልጁ እኔ ዘንድ ይደግ» አላት። «ከእኔ ጋር ካደገ የወንድሜ ልጅ ይባላል። አንቺ ዘንድ ካደገ የሸማኔ የልጅ ልጅ ይባላል። ምረጪ።» ይርጋነሽ መረጠች። ልጇን ሰጥታ፣ ወደ አባቷ ቤት ወደ ቢቸና ተመለሰች፤ ደጋኑን ይዛ ተቀመጠች። በየበዓሉ ግንደወይን ድረስ እየሄደች ታየው ነበር፤ ሲያድግ እሱ እየመጣ ያያት ጀመር። ተማረ፣ ተመረቀ፣ ሞጣ ቢሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ መምጣቱ ቀነሰ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ ሲመጣ፣ እሷም ምክንያቱን ለራሷ እየነገረች ተቀመጠች።

አንድ ነገር ግን ትጠብቅ ነበር፤ የልጇን ሠርግ። በሠርጉ ቀን «እናቱ ናት» ተብላ ከሰው ፊት መቀመጥ ትፈልግ ነበር። ልጇን ሰጥታ ያን ያህል ዘመን የጠበቀችው ይህችን አንዲት ቀን ነው። ለአገሬ ብቻ ነበር ይህን የነገረቻት፤ አገሬም «ታገኚዋለሽ» ትላት ነበር።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከሞጣ አንዲት ሴት መጣች። ነጭ ጥበብ ለብሳለች፣ አንገቷ ላይ ወፍራም የወርቅ መስቀል አለ፣ ከኋላዋ ሁለት ከረጢት ጥቁር ጠጉር የተሸከመ ሰው ይከተላታል። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ትባላለች፤ የመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ባለቤት ናት። ይርጋነሽ እንደ ልማዷ ከረጢቱን ፈትታ እጇን ከተተች። ልትሳደብ ተዘጋጅታ ነበር፤ የሚሰደብ ነገር አላገኘችም። ረጅም፣ ጥቁር፣ ከቆላ አቧራ የራቀ የደጋ በግ ጠጉር ነው።

«ማን ሸለተው?» አለች።

«የራሳችን በጎች ናቸው። ልጄ አርሴማ በጥር ትዳራለች፤ ለሙሽራው በርኖስ ነው» አለች ሰብለ ወንጌል። «ሸማኔው ሞጣ አለ፤ ጠጉሩን ግን አንቺ ካላሰናዳሽው አልነካም ብሎኛል። ደግሞ አንድ ችግር አለብኝ እቴ። በእኛ ቤት ደንብ ለሙሽራ በርኖስ የመጀመሪያውን ጭብጥ የምትነድፈው የሙሽራው እናት ናት። በሠርጉ ቀን በርኖሱን የምታለብሰውም እሷው ናት። የኛ ሙሽራ ደግሞ እናት የለውም። ስለዚህ የሱን እናት ተክቼ እኔ ልነድፍ ነው። በሕይወቴ ደጋን ይዤ አላውቅም፤ እዚህ ዘመድ ቤት ተቀምጬ ታስተምሪኛለሽ።»

ይርጋነሽ ሳቀች። «እርስዎ ከደጋን ጋር ሊታገሉ ነው?»

«ምን ላድርግ፤ የእናት ነገር ነው።»

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ሰብለ ወንጌል ቃሏን ጠብቃ መጣች፤ ጥበቧን አውልቃ አሮጌ ቀሚስ ለብሳ። ሁለቱ ሴቶች ግቢው ውስጥ ሰሌን ላይ ተቀምጠው ጭጎጎት ይለቅሙ ጀመር። ይርጋነሽ እንግዳዋን «እርስዎ» ትላታለች፤ ሰብለ ወንጌል ደግሞ «አንቺ» ትላለች፤ በዕድሜ ግን አይበላለጡም። እንዲህ መሆኑን ሁለቱም አላሰቡበትም፤ የቆየ ነገር ነው። ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ጣቷን ጭጎጎት ሲወጋት ትስቃለች፣ ስታበላሽ «ደብድቢኝ» ትላለች። ይርጋነሽ ወደደቻት። ማንንም በቀላሉ የማትወደው ሴት ወደደቻት።

ጠጉሩን አጥበው፣ ደርቆ፣ በአርጩሜ ሲመቱት ነበር ሰብለ ወንጌል ስለ ሙሽራው ማውራት የጀመረችው። እንዲህ ጨዋ፣ እንዲህ ዓይነ አፋር፣ ቢሮው ውስጥ የተመሰገነ።

«ዘሩንም አስቆጥረናል» አለች አርጩሜዋን እያነሣች። «መሪጌታ በዚህ ቀልድ አያውቁም። በአባቱ በኩል የግንደወይን ሰው ነው፤ ንጹሕ። በእናቱም ከአምበር የመጣች የጨዋ ልጅ ነበረች አሉ። አንድ ቁጢት በጣሽ የነካው የለም።» ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ አንቺን ማለቴ አይደለም እቴ። አንቺማ ሌላ ነሽ።»

«ግድ የለም» አለች ይርጋነሽ። የለመደችው ነገር ነው። «ግንደወይን የማን ልጅ ነው? የባሌ አገር ነው፤ ላውቃቸው እችላለሁ።»

«አባቱ ድሮ ሞቷል። ያሳደገው አጎቱ ነው፤ አቶ ይስማው ይባላል። ልጁ ምናለ ነው ስሙ።»

የይርጋነሽ አርጩሜ ጠጉሩ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ለአፍታ ሌላ ይስማው፣ ሌላ ምናለ ይኖራል ብላ አሰበች። ሰው ሲጨንቀው የማይሆን ነገር ያስባል።

«እናቱስ መቼ ሞተች?» አለች።

«ሕፃን ሳለ ነው አለን። አንጀቴን ነው የበላው። ባለፈው ሚካኤል መሪጌታ መታሰቢያ እናውጣላት ብለው ደግሰን፣ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት አስደረግንላት። ያለ ክርስትና ስም ፍትሐት አይሆንም ብለው ቢጠይቁት መጀመሪያ ዝም አለ። ኋላ ወለተ ኢየሱስ ናት አለ።»

ይርጋነሽ ክርስትና የተነሣችው በዚህ ስም ነው። ልጇ ይህን ያውቃል፤ እየጠራ ሲጸልይላት ሰምታዋለች። እንግዲህ ለሰው ዋሽቷል፤ ለመቅደስ መዋሸት ግን ፈርቷል። የሐሰት ስም ቢሰጥ ኃጢአት ይሆንብኛል ብሎ እውነተኛውን ስሟን ሰጥቶ፣ በቁሟ አስፈትቷታል። ካህናቱ ዕጣን እያጠኑ ነፍሷን ሲያሰናብቱ እሷ እዚህ ደጋኗን ይዛ ተቀምጣ ነበር። አርጩሜዋን አስቀመጠች።

«ምነው? ፊትሽ ጠቆረ» አለች ሰብለ ወንጌል።

«አቧራው ነው» አለች ይርጋነሽ፤ ተነሥታም ወደ ቤት ገባች።

ውስጥ ቁማ ብዙ ነገር አሰበች። ወጥቼ «እናቱ እኔ ነኝ» ልበል? አንድ ቃል ነው የሚበቃው። መሪጌታ ያንኑ ዕለት ሠርጉን ያፈርሳሉ፤ ልጇ በሞጣ ከተማ ቀና ብሎ አይሄድም። ይገባዋል። ይገባዋል ብላ አሰበች፣ ደጋግማ አሰበች፤ ቢሆንም እግሯ ወደ በሩ እምቢ አላት። ሰው ልጁን ለማዋረድ እግር ካገኘ የት ይደርስ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ወጣች፤ «ደጋኑን እንጀምር» አለች።

ሰብለ ወንጌል ደጋኑን አቀፈችው፤ ጅማቱ ሦስቴ ጣቷን ገረፋት። የነደፈችው ጭብጥ ግማሹ ተፈቶ ግማሹ እንደ ተቋጠረ ቀረ። «አበላሸሁት» አለች።

«እጅዎን ላላ ያድርጉት። ጠጉሩን አይምቱት፣ ጅማቱን ነው የሚመቱት» አለች ይርጋነሽ፤ ከኋላዋ ተንበርክካም እጇን በእጇ ላይ አድርጋ አብረው ነደፉ። ጠጉሩ ተፈታ፣ ተነሣ፣ በሁለቱም ፊት ላይ ዐረፈ። ሰብለ ወንጌል ደስ ብሏት ሳቀች። «ይኸው ደንቡ ደረሰ» አለች። እውነቷን ነው፤ ደንቡ ደርሷል። የሙሽራው እናት የመጀመሪያውን ጭብጥ ነድፋለች።

ያን ዕለት እንግዳዋ ከሄደች በኋላ ይርጋነሽ ስልኳን አነሣች። ኔትወርክ ነበረ።

«እማ» አለ ምናለ። «ደኅና ነሽ?»

«ሞቻለሁ አሉኝ» አለች። «ወሬውን የሰማሁት ከአማትህ ነው። እቤቴ መጥታ ለበርኖስህ ጠጉር እያሰናዳን ነው።»

የተቆረጠ መስሏት ስልኩን አየችው፤ አልተቆረጠም።

«ነገርሻት?» አለ መጨረሻ ላይ።

ከሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ይህ ጥያቄ ነው። ይቅርታ አላለም፣ እንዴት ሆንሽ አላለም፤ ነገርሻት ወይ ነው ያለው።

«አልነገርኋትም።»

«እማ፣ እኔ አይደለሁም የጀመርሁት። ጋሽ ይስማው ነው፤ ሽማግሌ ሲልክ ሞታለች አለ። ከዚያ በኋላ እንዴት አድርጌ ልመልሰው? እነሱን አታውቂያቸውም፤ ዘር ቆጥረው ነው ሰው የሚያስጠጉ። አርሴማን እወዳታለሁ።»

«በቅሎ አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ» አለች ይርጋነሽ። «አጎትህን ቆጥረህ እናትህን ቀበርህ።»

«እማ በእናቴ…»

«በየትኛዋ?»

ምናለ አለቀሰ፤ ወይም እንደ ማልቀስ ያለ ድምፅ አሰማ። «ሠርጉ ይለፍልኝ። ከሠርጉ በኋላ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ቀስ ብዬ ለአርሴማ፣ ከዚያ ለመሪጌታ። በመድኃኔ ዓለም ይዤሻለሁ፣ እስከዚያ ዝም በይልኝ። ወደ ሞጣም አትምጪ።»

እሷም ዝም እላለሁ አለች። አትምጪ ላለው ግን እሺ አላለችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሠራችው ሥራ ሲነገር ይኖራል። አገሬ ባዘቶውን ስትቀበል፣ «ይሄንስ ለማን ነው እንዲህ የተጨነቅሽለት?» አለቻት። ይርጋነሽ ነገሩን ሳትነግራት መቆየት አልቻለችም፤ ነገረቻት። አገሬ ደንግጣ እንዝርቷን አስቀመጠች።

«እና ትነድፊለታለሽ?»

«ምን ላድርግ?»

«የሆዱን ሸካራ ቀላቅይበት። አንድ ክረምት ሳይሞላው ይርገፍበት።»

ይርጋነሽ አስባው ነበር። የሆዱን ጠጉር ለብቻ አስቀምጣው ነበር፤ ቅርብ ነበር። አልቀላቀለችውም። ለምን እንዳልቀላቀለችው አገሬ ብትጠይቃት፣ «ብርድ ነው ሞጣ» አለች። አገሬ እንዝርቷን አንሥታ ፈተለች።

ፈትሉ ወደ ሞጣ ሄደ፤ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ሰብለ ወንጌል ደውላ፣ «በርኖሱን ብታዪው እቴ፣ መሪጌታ ሳይቀሩ እንዲህ ያለ አላየሁም አሉ። ለሠርጉ ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ። የእህቴ ልጅ በሚኒባሱ ያመጣሻል» አለቻት። ይርጋነሽ የልጇን ቃል አስታወሰች። ከሩቅ አየዋለሁ ብላ ለራሷ ነገረች፤ ከኋላ ተቀምጬ፣ ሲሞሸር አይቼ፣ እመለሳለሁ። እውነቱን ለመናገር ሌላም ነገር ነበር። ፊቴን ሲያይ ሆዱ ይባባል፤ እነግራቸዋለሁ ያለ ሰው ምናልባት እስከ ነገ እንኳ አያቆየውም፤ እንዲህ እያለች ነው ከቢቸና እስከ ሞጣ የተጓዘችው። ተስፋ የሚባል ነገር ሰውን እንደ ሞኝ ያደርገዋል።

ዳሱ ሙሉ ነበር። ሙሽራው አጃቢዎቹን ይዞ ገብቶ ከአርሴማ ጎን ቆሟል። ከስቷል፤ ሱፍ ልብሱ ሰፍቶታል። ይርጋነሽ ከሴቶቹ መካከል ከኋላ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ስባ። አገጯ የልጇ አገጭ ነው፤ አንድ ቀን ሁለቱን አብሮ ያየ ሰው አይስተውም። አቶ ይስማው ሽማግሌዎቹ ጋ ተቀምጦ ስታየው አያት፤ ዐይኑንም መሬት ላይ ጣለ።

በርኖሱ መጣ። ጥቁር፣ ከባድ፣ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ያለ። ሰብለ ወንጌል በሁለት እጇ ይዛ መካከል ላይ ቆመች።

«በደንባችን ይህን የምታለብሰው የሙሽራው እናት ናት» አለች። «እሷ ስለሌለች እኔ ልተካ ብዬ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔ አንድ ጭብጥ አበላሽቼ ነው የመጣሁት። ጠጉሩን ለቅማ፣ አጥባ፣ ነድፋ ለዚህ ያደረሰችው አንዲት እናት ናት፤ ከቢቸና ድረስ መጥታልኛለች። እሷም ወንድ ልጅ አላት። እሷ ብታለብሰው ነው ደስ የሚለኝ።» ከዚያ በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ ይርጋነሽን እጇን ይዛ አስነሣቻት፤ በርኖሱንም አስታቀፈቻት።

ይርጋነሽ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። ጠጉሩ ክንዷ ላይ ነበር፤ ሽታውን ታውቀዋለች። ልጇ አራት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆሟል። እግዚአብሔር ራሱ መንገዱን እየከፈተ መሰላት፤ አትናገሪ፣ አትዋሺ፣ አልብሰሽው ተመለሺ እያላት።

መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም ሐሳብ ነው። ሙሽራው ከፈቀደ።»

ይህን ያህል ቀላል ነበር። ከምናለ የሚፈለገው «እሺ» ነው፤ ወይም ዝም ማለት፤ ወይም አንገቱን ዝቅ ማድረግ። ማንም ምንም አያውቅም ነበር። እናቱ መጥታ፣ በርኖሱን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ምናልባት ጉንጩን ስማ ትመለስ ነበር፤ ሚስጥሩም እንደ ሚስጥር ይኖር ነበር። አንዲትም ነገር አያጎድልበትም ነበር። ምናለ ግን ፊቷን አየ፤ አገጩን በሷ ፊት ላይ አየው፤ ሌላውም ሰው የሚያየው መሰለው። ፈራ። ፈሪ ደግሞ ሲፈራ አፉ ይረዝማል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ» አለ። «እትዬን እግዜር ይስጣቸው፤ ደክመዋል። ግን የእናቴን ቦታ ለሌላ ሰው አልሰጥም። ቦታዋ ባዶ ይሁንላት።»

ዳሱ ውስጥ ያሉት ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እናቱን ያልረሳ ሚስቱን አይረሳም» አሉ፤ ሌሎቹም «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አሉ። አርሴማ ምናለን ቀና ብላ በፍቅር አየችው። ልጅ እንዲህ ይባረካል እየተባለ ተወራ። እትዬ መባሏን ይርጋነሽ ሰማች፤ በርኖሱን እንደ ያዘች ቆማ ነበር።

አቶ ይስማው ተነሥቶ መጥቶ ከክንዷ ሊቀበላት በርኖሱን ያዘ። ቶሎ አልለቀቀችውም። ሰውየው ሳብ አደረገው፤ ለቀቀችው። እሱ ወስዶ የወንድሙ ልጅ ትከሻ ላይ አደረገው። በርኖሱ ልኩ ነበር።

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «የእናትህን የወለተ ኢየሱስን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅ፣ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።»

«አሜን» አለ ዳሱ በሙሉ።

ይርጋነሽም አሜን አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ምናለ እንዲሰማት። ሰማትም።

ሳትበላ ወጣች። ሰብለ ወንጌል እስከ በሩ ተከትላት መጣች፤ አፍራለች፤ ፊቷ ቀልቷል። «አይክፋሽ እቴ፤ በኔ ነው የተዋረድሽው። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። እናቱን ስለሚወዳት ነው።»

«አልከፋኝም» አለች ይርጋነሽ። ከዚያ የሴትየዋን እጅ ያዘች። ይህች ሴት ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እውነቱን ትሰማለች፤ ከማን እንደምትሰማ ግን ይርጋነሽ ከእንግዲህ አልጨነቃትም። «በርኖሱን ዝናብ እንዳያስመታው ይንገሩት» አለቻት። «ከረጠበ ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ጥላ ላይ ይድረቅ።»

ቢቸና የደረሰችው በማግስቱ ነው። አገሬ የሚኒባሱን ድምፅ ሰምታ እንዝርቷን እንደ ያዘች ወጥታ በሩ ላይ ጠበቀቻት። ፊቷን አይታ መጠየቁን ፈራች፤ ግን ሳትጠይቅ መቅረት አልቻለችም።

«ምናለን አገኘሽው?»

«አገኘሁት።»

«ምን አለሽ?»

ይርጋነሽ ነጠላዋን ከራሷ አወረደች፤ ጠርዙን ገልብጣም እንደ ሐዘንተኛ አጣፋችው።

«እናቴ ሞታለች አለኝ» አለች። «እኔም ቀብሬያት መጣሁ።»